የተመታ ውኃ ዓሣ

ባሕር ዳር፣ ኅዳር 14 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለቃሲም፣ ምጽዋ ላለው።

እስክሪብቶውን የያዘው እጅ የአቶ ክንዱ ነው። አንተ አታውቀውም፤ ከሄድህ በኋላ ከናዝሬት ተመድቦ የመጣ፣ ዓሣ የሚመረምር፣ ባጎነበሰ ቁጥር መነጽሩ የሚወድቅበት ሰው ነው። እጁ የሱ ይሁን እንጂ አፉ የኔ የአባትህ የአብዱልመጂድ ነው። ከአፌ የወጣውን ሁሉ፣ ስድብም ቢሆን፣ ሳይቀንስ ሳይጨምር እንዲጽፍ አስምየዋለሁ። ክርስቲያን ስለሆነ በጊዮርጊስ ማል አልሁት። «እሺ አባባ፣ ማልኩ» ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ። የማለ ሰው ነውና ሳቁንም ይጻፈው።

አሰላሙ ዓለይኩም ልጄ። ገላህ እንዴት ነው? እግሬ አበጠ ያልኸው ጎደለልህ? እንቅልፍህስ ተመለሰ? እኛ ደኅና ነን። ደኅና ነን ማለቴ እንተነፍሳለን ማለቴ ነው፤ ከዚያ የበለጠ አታስብበት። እናትህ መዲና ጉልበቷ ከድቷታል፤ ምላሷ ግን አልከዳትም። የእኅትህ የዘሊካ ልጅ ጥርስ አወጣች ብለው ከጎርጎራ በመጣ ጀልባ መልእክት ላኩልን። በነሐሴ ጉማሬ የጎረቤቶቻችንን ታንኳ ገለበጠ፤ ሰው አልጎዳም፣ መረባቸውን ግን በጥርሱ ይዞት ገባ።

ያንተ ታንኳ አለ። አለ ስልህ ያው ራሱ አይደለም። ደንገል ዕድሜ እንደሌለው ታውቃለህ፤ ትተኸው የሄድኸው ውኃ ጠጥቶ በሰበሰ። በቦታው ሌላ አሰርሁ፤ እሱም በሰበሰ። አሁን ያለው አምስተኛው ነው። ማንም አልተቀመጠበትም። እናትህ «ለማን ነው የምታስረው፣ አንተ ሰውዬ?» ስትለኝ «ለእጄ ነው፤ እጄ እንዳይረሳ» እላታለሁ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

ሦስቱም ደብዳቤዎችህ ደርሰውኛል። የመስጊዱ ሙአዚን አነበበልኝ። ስለ ሙቀቱ ጽፈሃል፣ ተኝተህ እንኳ ልብህ እንደሚሮጥ ጽፈሃል፣ የሦስቱም መጨረሻ ግን አንድ ነው፦ «አባዬ፣ ያን ቀን ከተደበቅሁበት ደንገል ጠርተህ ስታወጣኝ፣ ወደዚህ እንደሚወስዱኝ ታውቅ ነበር?» ሙአዚኑ እዚያ ላይ ሲደርስ «ይበቃል፣ ደክሞሃል» እያልሁ ወረቀቱን እቀበለው ነበር። መልስ ሳስጽፍም ስለ ዝናቡና ስለ መረቡ አስጻፍሁ። ከሰኔ ወዲህ አንተም ዝም አልህ። አምስት ወር ነው። በአንተ ቦታ ብሆን እኔም ዝም እል ነበር።

ዛሬ እመልስልሃለሁ። አቶ ክንዱ፣ የምትጽፈውን እየደገምህ አትጩህብኝ፤ መዲና ጓሮ ናት።

እናትህ አታውቅም። አንድ ጆሮ ጠቢ ጠቁሞብህ ቀበሌዎቹ ደንገሉን አስሰው ያገኙህ ነው የሚመስላት። ሰግዳ ስታበቃ እጇን ዘርግታ «ልጄን ከተደበቀበት ያወጣብኝን ሰው እጁን አድርቅልኝ ያረቢ» ትላለች። በየቀኑ። እኔም ከጎኗ ተቀምጬ «አሚን» እላለሁ።

ከዓሣው ልጀምር፤ ነገሩን ያሳየኝ ዓሣው ነውና።

አምና በጥቅምት አቶ ክንዱ መረብ ወደማደርቅበት መጣና «አባባ፣ በሕይወት ያለ ቆሮሶ ያመጡልኛል?» አለኝ። «እኔ ዓሣ መግደል እንጂ ማስታመም አላውቅም። ለምንህ ነው?» አልሁት። «የጣና ዓሣ የባሕር ጨው ይለምድ እንደሆነ ለማየት ነው። ወደ ደቡብ ጨዋማ ሐይቆች አሉ፤ እዚያ ሊኖር ይችል እንደሆነ» አለኝ። እኔ ግን የሰማሁት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። የጣና ልጅ የባሕር ጨው ይለምዳል ወይ ያለኝ መሰለኝ። «ነገ አመጣልሃለሁ» አልሁት። አምባዛ ጨምሬ ላምጣ ብለው «ኧረ አይሆንም፤ ባለቤቴ ጢም ያለው ዓሣ ያስፈራታል፣ ሽታውን ይዤ እንኳ ከመጣሁ አታስገባኝም» አለ። አሁንም እየሳቀ ነው የሚጽፈው።

ጨዉ በጆንያ መጣ። ጆንያው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብብልኝ ብለው «ምጽዋ» አለኝ። ዞር ሲል ጠብቄ ጣቴን ከተትሁና ላስሁት። አንተ የቆምህበትን ባሕር ቀመስሁ። መረረኝ።

በመጀመሪያ ያመጣሁለት ሃያ ቆሮሶ በሁለተኛው ቀን አለቀ። ዓሣ ሲሞት ዛሬ አይደለም የማየው፤ ስልሳ ዓመት ገድያለሁ። በውኃ መካከል ሆኖ በውኃ ጥም ሲሞት ግን አይቼ አላውቅም ነበር። «ጨዉ ከገላው ያለውን ውኃ ይመጥበታል፤ ስለዚህ ይጠጣል። በጠጣ ቁጥር ደግሞ ጨው ይገባበታል። ያን ጨው በስንጥቡ መልሶ ማውጣት ካልቻለ አለቀለት» አለኝ አቶ ክንዱ። ስንጥብ የምንለውን፣ የሚተነፍስበትን ቀዩን ማለቱ ነው። ገንዳው ላይ አጎንብሼ ስንጥቡ ሲከፈት ሲዘጋ፣ ሲከፈት ሲዘጋ አየሁት። አንተ በሁለተኛው ደብዳቤህ «አባዬ፣ ውኃ እየጠጣሁ ይጠማኛል» ብለኸኝ ነበር።

አንዳንድ ሳምንት ያመጣኋቸው ግን ይተርፉ ነበር። ጨዉን ጥቂት በጥቂት ሲጨምርላቸው አንድ ሁለት ቀን ይተክዛሉ፣ ከዚያ መብላት ይጀምራሉ። ሌላ ሳምንት ያው ሐይቅ፣ ያው ዓሣ፣ ያው ጨው ሆኖ ከሞላ ጎደል ሁሉም ያልቃሉ። አቶ ክንዱ ግራ ገባው።

«አባባ፣ እነዚህን እንዴት ነው ያጠመዷቸው?»

«እንደ ወትሮው።»

«በምን?»

«በወጥመድ ነዋ! ስልሳ ዓመት ያጠመደን ሰው እንዴት አጠመድህ ይባላል?»

ዋሸሁት። ወጥመድ ማታ ጥሎ ጠዋት ማንሣት ነው፤ ዓሣው ሳይደነግጥ ራሱ ይገባል። ነገር ግን በነፋስ ሳምንት ወጥመዱን ማመላለስ ሲያቅተኝ መረብ ዘርግቼ ውኃውን በዘንግ እቀጠቅጥ ነበር። ዓሣው ሲሸሽ መረቡ ውስጥ ይገባል። ክንዴ ደክሟል ልጄ፤ ይህን ለአንተ ነው የምነግርህ፣ ለሌላ አልናገረውም። ትዝ ይልህ እንደሆነ ውኃ የሚመታ አጥማጅ ባየሁ ቁጥር «ይኸው ዓሣ እንደ ላም የሚነዳ!» እያልሁ እስቅበት ነበር፤ አንተም አብረኸኝ ትስቅ ነበር። ታዲያ በምን አፌ እኔም ውኃ መታሁ ልበል?

አቶ ክንዱ ከዓሦቹ ደም በመርፌ እየቀዳ፣ በበረዶ እያሸገ ወደ ውጭ አገር ይልክ ነበር። በግንቦት የምርመራው ወረቀት ተመለሰለት። ድንጋይ ላይ ቁጭ አደረገኝና እንዲህ ሲል ነገረኝ፦

«አባባ፣ ዓሣ ሲደነግጥ ከኩላሊቱ አካባቢ አንድ ነገር ወደ ደሙ ይለቃል። ሆርሞን ይባላል። እንደ ጥሩንባ ያድርጉት፤ ገላውን በሙሉ ተነሥ፣ ተዘጋጅ የሚል ጥሩንባ።»

«ታዲያ ይህ ምን ክፋት አለው?»

«ክፋት የለውም። ስንጥቡ ጨው ማውጣት እንዲማር የሚያደርገውም ይኸው ራሱ ነው፤ ያለ እሱ ጨውን አይለምድም። ግን ጥሩንባ ተነፍቶ ያበቃል። ካላበቃ ዓሣው አይበላም፣ አያድግም፣ ቁስሉ አይሽርም፤ ራሱን በራሱ ይጨርሳል።»

«በሰውስ አለ?»

«አለ። በሰውም ያለው ያው ነው።»

ይህን ባልጠየቅሁ። ከዚያ ጣቱን ወረቀቱ ላይ አደረገና «እነዚህ የሞቱት ግን ጨው ከማየታቸው በፊት ነው ደማቸው በድንጋጤ የሞላው። ጨው ሳይነካቸው ምን አገኛቸው?» አለኝ። መሬት መሬት አየሁ። «ውኃ መትቼ ነው» አልሁት።

መነጽሩን አወለቀ። ይሰድበኛል ብዬ ነበር፤ የስንት ወር ልፋቱን ነው የገደልሁበት። «ቢነግሩኝ ኖሮ በሐይቁ ውኃ፣ በተሸፈነ ገንዳ፣ ጥቂት ቀን አሳርፋቸው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ጨዉን ሊችሉት ይችሉ ነበር» አለ። ከዚህ ሌላ አልተናገረኝም። ተነሥቼ ወጣሁና ታንኳህ አጠገብ ተቀምጬ ዋልሁ።

ቃሲም፣ አንተን ጥቂት ቀን ያሳረፈህ ማን ነው? ከደንገሉ ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ማሠልጠኛ፣ ከማሠልጠኛ ወደ ጨው። ያስደነገጥሁህ ደግሞ እኔ ነኝ።

አቶ ክንዱ እጁን አቁሟል። «አባባ፣ ደብዳቤው ይከፈታል፤ ልጁን ይጎዱብዎታል» ይለኛል። ከምጽዋ ወዲያ ወዴት ይልኩታል? ባሕሩ ውስጥ? ጻፍ! «እንግዲያው የሊቀመንበሩን ስም እንኳ እንተወው» ይላል። እሺ፣ ስሙን ተወው። ቃሲም ያውቀዋል።

ከብሔራዊ ውትድርና ሸሽተህ ደንገሉ ውስጥ ከገባህ ዘጠነኛ ቀንህ ነበር። ስንቅህን እኔው አደርስልህ ነበር። ቅዳሜ ገበያ መካከል የቀበሌው ሊቀመንበር ከሰዎቹ ጋር መጣና፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አባ አብዱልመጂድ፣ ልጅዎ እንደ አምባዛ ጭቃ ውስጥ ገባ አሉ!» አለኝ። ገበያው ሳቀ። ቅቤ ሻጯ ሳትቀር ሳቀች። የኔን ልጅ! ጉማሬ ሲመጣ ከታንኳው የማይዘልለውን ልጄን! «የኔ ልጅ አይደበቅም» አልሁ። እሱም ያን ጊዜ ትከሻዬን ይዞ ዞር አደረገኝና ድምፁን አለሰለሰ። «ይስሙኝ አባ። ለሐይቁ ጀልባዎች ባሕር የሚያውቅ ልጅ ይፈልጋሉ። ጎርጎራ ነው የሚመደበው፤ ከእኅቱ ደጅ። ይህ በሰላም ከወጣ ነው። ታድኖ ከተያዘ ግን ግንባር ነው።»

የጠራሁህበትን የውኃ ምት አባቴ ለእኔ፣ እኔም ለአንተ ያስተማርነው ነው። ጉም ሲወርድና ዓይን ለዓይን መተያየት ሲያቅት፣ ውኃውን በዘንጉ ሦስት ጊዜ ቀስ አድርጎ መምታት፤ «ና፣ ሰላም ነው» ማለት ነው። ለዓሣ የሚመታው ችኩል ነው። የኛ ቀስ ያለ ነው። በዚህ ሐይቅ ላይ ያን ምት ከእኔና ከአንተ በቀር የሚያውቀው ሰው የለም።

የሊቀመንበሩ ሰዎች እንዲደርቅ ካቆምሁት ደንገል ጀርባ አደፈጡ። እኔም መታሁ። አንድ። ሁለት። ሦስት። አንተም ወጣህ። እየሳቅህ ነው የወጣኸው። «አባዬ፣ ዛሬ ደግሞ ምን አመጣህልኝ?» አልህ።

አሁን ጥያቄህን። ወደ ምጽዋ እንደሚወስዱህ አላውቅም ነበር። ጎርጎራ ብሎኛል፤ ይህን በአላህ ፊት እናገረዋለሁ። ዓመት ከዘጠኝ ወር ሙሉ ለራሴ የነገርሁትም ይህንኑ ነው። ነገር ግን ልጄ ሦስት ጊዜ ጠይቆኝ ግማሹን አልመልስለትም። መኪናውን አይቼዋለሁ። ሸራ የለበሰው ትልቁ መኪና ከመስጊዱ ጀርባ ቆሞ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ጎርጎራ ስሄድ ስመጣ ኖሬአለሁ፤ ከኛ ደጅ ተነሥቶ ጎርጎራ የሚሄድ ሰው በጀልባ ይሻገራል እንጂ መኪና አይጫንም። ይህን የሐይቅ ዳር ሕፃን ያውቀዋል። መኪናውን ያየሁት ውኃውን ከመምታቴ በፊት ነው። አየሁት፣ ዘንጉንም አነሣሁ። የገበያው ሳቅ ከጆሮዬ አልወጣም ነበር።

ይኸው መልሴ።

ለምን ዛሬ ትለኝ እንደሆነ፣ ትናንት አንድ ዓሣ ሞተብኝ። ውኃ መትቼ ከያዝኋቸው ውስጥ ከጨዉ የተረፈ አንድ ብቻ ነበር። በመስከረም አቶ ክንዱ ወደ ሐይቁ ውኃ መለሰው። እኔም ደስ አለኝ፤ የአገሩን ውኃ ካገኘ ምን ይሆናል ብዬ። አልበላም። ከገንዳው ጥግ ሄዶ ቆመ። ክንፉ ላይ ጥጥ የመሰለ ሻጋታ አወጣ። የገንዳውን ግማሽ በሰሌን ሸፈንሁለት። ኮቴዬን እንዳይሰማ ጫማዬን ከውጭ አውልቄ እገባ ነበር። ጥላዬ እንዳያርፍበት በጉልበቴ ተንበርክኬ እቀርብ ነበር፤ እኔ አብዱልመጂድ ለቆሮሶ! «ጥሩንባው አልቆመም አባባ። ወደ አገሩ ውኃ መመለሱን ገላው አላመነም» አለኝ አቶ ክንዱ። ሁለት ወር ጠበቅሁት። ትናንት ጠዋት ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ አገኘሁት። እንደምታውቀኝ እኔ አላለቅስም። ትናንትም አላለቀስሁም። አቶ ክንዱ፣ ምን ታየኛለህ፣ ጻፍ እንጂ።

ይቅር በለኝ ብዬ ሸክም አልጨምርብህም፤ የተሸከምኸው ይበቃሃል። ግን አባትህ ነኝና ገና ማዘዝ እችላለሁ። ጥላ ካለ ከጥላው አትውጣ። ተኛ የተባልህበት ሰዓት ካለ፣ እንቅልፍ ባይመጣም ዓይንህን ጨፍን። የሚያሳርፍህ ሰው ካገኘህ፣ የማንም ልጅ ይሁን የማን ሃይማኖት፣ እሱ ዘንድ ተቀመጥ። ልትጽፍልኝ ካልወደድህ ባዶ ወረቀት በፖስታ አድርገህ ላክ። እኔ ማንበብ አልችልምና ባዶውም የተጻፈበትም ለኔ አንድ ነው። ከእጅህ መውጣቱን ብቻ ልወቅ።

ብትመለስ ውኃ አልመታልህም። ያን ዘንግ ሰብሬ አቃጥየዋለሁ። በዚህ ሐይቅ ላይ ሦስት ጊዜ ቀስ ያለ ምት ብትሰማ እኔ አይደለሁም፤ አትውጣ። ታንኳህ ከወርካው ሥር ታስሮ ታገኘዋለህ፤ ያን ጊዜ ስድስተኛው ይሁን ዐሥረኛው እንጃ። ማንም ሳይጠራህ፣ ደስ ባለህ ቀን ና። ደስ ካላለህም አትምጣ። እኔ ማሰሬን አልተውም።

አላህ በጨው መካከል ጥምህን ያርካልህ። ልብህን ከሩጫው ያሳርፍልህ። እኔን በሚያይበት ዓይን ሳይሆን እናትህን በሚያይበት ዓይን ይይህ።

አባትህ አብዱልመጂድ። አውራ ጣቴን በእስክሪብቶው ቀለም ቀብቼ ከዚህ በታች አሳርፌበታለሁ። የቀኝ እጄ ነው፤ ዘንጉን የያዘው።

በል አቶ ክንዱ፣ አሁን ከላይ ጀምረህ አንብብልኝ።

ቆይ። መጀመሪያ የጓሮውን በር ክፈተው። ድምፅህንም አትቀንስ። መዲና ትስማው፤ የማንን እጅ እንደምትራገም ትወቅ።